የማይሸት የጦስኝ ዱቄት

የሰፈሬ ሰዎች «የሽቶ ፋብሪካዋ» ይሉኛል። እኔ ሮቤ ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን የሠራሁበት ቤት ግን ሽቶ ሠርቶ አያውቅም። እኛ የጦስኝን ዘይት ከቅጠሉ አውጥተን፣ እንዳያመልጥ ሙጫ አልብሰን፣ ዱቄት አድርገን ነበር የምናሽገው። ሥራው የሰመረ ዕለት ግቢያችን ምንም አይሸትም። ሰፈሩ «ዛሬስ ምን ያለ መዓዛ ለቀቃችሁብን!» ብሎ ያመሰገነን ዕለት አንገታችንን ደፍተን ነበር የምንወጣው። ሰዉ በነፃ ያሸተተው የእኛን ምርት ነዋ።

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። አሁን የማጠፋው ማሽን፣ የምዘጋው ክዳን ስለሌለኝ የጎረቤት ቧንቧ ይንጠባጠብ እንደሆነ እያየሁ እውላለሁ። ልጄ ሌንሴ ደብተር ገዝታ አመጣችና «እማዬ፣ ተቀምጠሽ ከምትጨነቂ የሥራሽን ነገር ጻፊው» አለችኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ቢሆንም በየብልቃጡ ክዳን ላይ የሚለጠፈውን ቀንና ቁጥር ለዓመታት የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ እጄ ብዕር አይፈራም።

ሥራ የጀመርኩት አጋርፋ ነው። ለብዙ ተማሪ ምግብ በሚበስልበት ወጥ ቤት ሽንኩርት ላጭ ነበርኩ። እዚያ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሜዳ ላይ የተሰጣ ኮሰረት ብዙም ሳይቆይ ሽታው ጠፍቶ ድርቆሽ ይሆናል፤ ቅቤ ውስጥ የገባው ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ቅቤው ያዘው ማለት ነው። ያን ጊዜ ይህ የእንጀራዬ ጉዳይ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ባለቤቴ ሲሞት ሌንሴ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። አጋርፋ ዘመድ ስላልነበረኝ ወደ እህቴ ወደ ጎባ ሄድኩ፤ ከከተማው በላይ ካሉ ገበሬዎች ጦስኝ እየገዙ ዘይቱን የሚያወጡ ሰዎች ዘንድም ቅጠል ለቃሚ ሆኜ ገባሁ።

ጋሽ ከድርን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ቀድሞ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቅባትና ሽሮፕ ሲቀምሙ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከቡናማ ሹራባቸው የማይለዩ የጎባ ሰው ነበሩ። ሥራ ባለበት ቀን ቁርሳቸው ላይ ሽንኩርት አይቀምሱም። ልብሳቸውን የሚያሳጥቡት ሽታ በሌለው ሳሙና ነው። አፍንጫቸው የደከመ ሲመስላቸው ፊታቸውን ሹራባቸው እጅጌ ውስጥ ቀብረው ትንሽ ይተነፍሳሉ። «የራስሽን ሽታ አፍንጫሽ አይሰማውም፤ ስለዚህ እዚያ ያርፋል» ይሉኛል። እኔም እስካሁን ገበያ ውስጥ ቅመም ሲበዛብኝ ፊቴን ክንዴ ውስጥ እቀብራለሁ፤ ሰው ያለቀስኩ እየመሰለው «አይዞሽ» ይለኛል።

ጎባ እያለን ዘይቱን በብልቃጥ ነበር የምንሸጠው። ቅጠሉን በትልቅ በርሜል አጭቀን ከሥር በእንፋሎት እንቀቅለዋለን። እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ሲወጣ መልሶ ውሃ ይሆናል፤ ዘይቱ ከላዩ ይንሳፈፋል። ከአንድ ጆንያ ቅጠል የምናገኘው የመድኃኒት ጠርሙስ እንኳ አይሞላም። ያም ቢሆን አይታሰርም። ክዳን ብናጠብቅበት በክዳኑ ሥር ይወጣል፤ መኪና ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ይሳሳል። አዲስ አበባ ሲደርስ ገዢው በስልክ «ይኼ የጦስኝ ውሃ ነው እንጂ ዘይት አይደለም» ብሎ ይጮህብን ነበር። በዚህ ምክንያት ባለቤቶቹ ሮቤ ላይ ግቢ ተከራዩ፤ ማድረቂያ ማሽን ተከሉና ጋሽ ከድርንም እኔንም ወደዚያ አዛወሩን። አቶ ገመቹ የሚባል ወጣት ሥራ አስኪያጅ ተቀጠረ። ለማሸጊያ ክፍሉ ደግሞ ራህመት መጣች፤ የሮቤ ልጅ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ምላሷ የሰላ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከቆላው ባሌ በጆንያ የመጣ የግራር ሙጫ ግቢው ውስጥ ተደረደረ።

«ጋሽ ከድር፣ ይኼ ሁሉ ሙጫ ምን ሊሆን ነው?» አልኳቸው።

«ልብስ ነዋ። ዘይቱ የሚሮጠው ራቁቱን ስለሆነ ነው። እያንዳንዷን ጠብታ ልብስ እናለብሳታለን፤ ያኔ አርፋ ትቀመጣለች።»

«ማነው የሚሰፋላት?» አለች ራህመት።

«አንቺ ነሻ! መርፌው አፍሽ ውስጥ አለ አይደል?»

ራህመት ሳቀች። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ «ወላሂ እኚህ ሽማግሌ ይመቹኛል» አለችኝ።

የእኔ ሥራ ሙጫውና ቅልቅሉ ነበር። ሙጫውን ዘርግቼ ቅርፊትና አሸዋ እለቅምለታለሁ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ በስስ ጨርቅ አጠልለዋለሁ፤ ጋሽ ከድር ሁለት ጊዜ ይበቃል ይላሉ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ካላጠለልኩ አይሆንልኝም። አረፋው እስኪጠፋ ትቼው ስመለስ መበጥበጫውን አስነሳና ዘይቱን እንደ ክር አቅጥኜ አወርድበታለሁ። ቢጫው ፈሳሽ ቀስ በቀስ እየነጣ ወተት ይመስላል። መድረሱን የማውቀው አንድ ጠብታ በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጥዬ ነው። ውሃው ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ ገና ራቁቱን የቀረ አለ ማለት ነው፤ እንደገና እበጠብጣለሁ።

ማሽኑ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ በርሜል ነው። ወተቱ ከላይ እንደ ጉም ይረጫል። ትኩስ አየር ሲያገኘው ውሃው ይተንናል፤ ሙጫው ጠብታዋን እንዳቀፈ ይደርቅና ከሥር ዱቄት ሆኖ ይወርዳል። ሙቀቱ ካነሰ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከበዛ ደግሞ ልብሱ ይፈነዳና ዘይቱ በጭስ ማውጫው ወጥቶ ለሰፈሩ ይታደላል። እኔ የሙቀት መለኪያውን አይቼ ዞር ስል «አየሁት ወይስ መሰለኝ?» እያልኩ መመለስ ልማዴ ነበር። ራህመት ስታየኝ «መለኪያው ሰልችቶት ሳይሄድብሽ ተመለሺ!» ትለኝ ነበር።

ዱቄቱ ሲወርድ ጋሽ ከድር ቆንጥረው አፍንጫቸው ሥር ይይዙታል። ምንም። ፊታቸው ይፈካል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው ይጠጡታል። ያኔ ሽታው ይነሳል፤ ከጎባ ወደ ሰኔቲ ተራራ ስትወጣ ጦስኝ ረግጠህ ስትሄድ ከእግርህ ሥር እንደሚመጣው ያለ። «ዝም ያለ ዱቄት ጥሩ ዱቄት ነው» ይላሉ። ከየዙሩም ሁለት ትንንሽ ብልቃጥ ይሞላሉ። እኔ ቀኑን እጽፋለሁ፣ እሳቸው በሰም ያሽጉታል። ምስክር ነው ስማቸው። «አንዷ ለክርክር፣ አንዷ ለዕድሜ» ይላሉ። ክርክር ሲነሳ የመጀመሪያዋ ትከፈታለች። ሁለተኛዋ ግን አትነካም፤ ልብሱ ስንት ዓመት እንደሚጸና ማወቅ ይፈልጉ ነበር።

አሁን የምጽፈው የማላነሳው ነገር ነበር። ሌንሴም ሙሉውን የምታነበው እዚህ ደብተር ላይ ነው።

ሻይ ከሚያሽግ የአዲስ አበባ ድርጅት ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቀው ትልቅ ትእዛዝ መጣ። ይኼ ከተሳካ ግቢው ይቀጥላል፤ ካልተሳካ ባለቤቶቹ ማሽኑን ሊሸጡት እንደሆነ አቶ ገመቹ ሰብስቦ ነገረን። የለመድነው ማሸጊያ ስላልበቃ ትልልቅ አዳዲስ የቆርቆሮ ጣሳ ተገዛ። ጣሳዎቹ የፋብሪካ ቅባት ይሸታሉ። ሁለት ጊዜ በፈላ ውሃ አጠብኳቸው፤ አሁንም የሸተተኝ መሰለኝ። ለማንም አልነገርኩም። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ጋሽ ከድር ዱቄቱን ቀምሰው፣ ምስክሮቻቸውን አሽገው ወደ መስጊድ ሄዱ፤ ራህመትም ለምሳ ወጣች።

በእናቴ ቤት የወተት ዕቃ በወይራ ካልታጠነ ንጹሕ አይባልም። ታጥቦ ያልታጠነ ጮጮ ውስጥ ወተት ማለብ ነውር ነው። እኔም ከጀርባ ካለው ምድጃ የወይራ ፍም አምጥቼ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እየደፋሁ አጠንኳቸው። የቅባቱ ሽታ ጠፋ። ደስ አለኝ። እናቴ ብታየኝ «እሰይ» ትለኝ ነበር። ትንሽ አናፍሼ ክዳናቸውን ገጠምኩና ማሸጊያ ክፍል ደረደርኳቸው። ከሰዓት ራህመት ሞላቻቸው። ዋዜማውን የእህቷ ልጅ ሰርግ ነበር፤ ጢስ ገብታ፣ ገላዋም ፀጉሯም ሰንደልና ሽቶ እየሸተተ ስለመጣች ጣሳው ውስጥ ያለውን አፍንጫዋ አልለየውም።

ሳምንት ሳይሞላ ጣሳዎቹ ተመለሱ። አቶ ገመቹ አንዱን እኛ ፊት ከፈተው። ገና ሲከፈት ጦስኝና ጢስ ተደባልቆ አፍንጫችንን መታን። ዱቄቱ ረጥቦ ተጓጉሏል። የታጠነው ጣሳ ሙቀትና እርጥበት ይዞ ኖሯል፤ ሙጫው ከውስጥ ለስልሶ ልብሱ ተፈትቷል። ዝም ማለት የነበረበት ዱቄት ይጮሃል።

«ጢስ!» አለ አቶ ገመቹ። «ያሸገው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ራህመት።

«ያን ቀን ከሰርግ ነበር የመጣሽው። ሽታሽ በር ላይ ሰው ያቆም ነበር።»

«ጢስ የገባሁት እኔ ነኝ እንጂ ዱቄቱ አይደለም!»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ከድር ለክርክር ያስቀመጧትን ብልቃጥ ከፍተው በጠበጡ፣ ቀመሱ። ንጹሕ ነበር። «ከማሽኑ ሲወጣ ደህና ነው» አሉ። ራህመትን ሊያድኗት ነበር የከፈቱት፤ ግን ጥርጣሬው ይብሱን ወደ ማሸጊያ ክፍሉ ዞረ። አቶ ገመቹ «ጉዳዩ እስኪጣራ ቤትሽ ቆዪ» አላት። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ማንንም ሳታይ ወጣች።

እኔ በዚያች ሰዓት አውቄዋለሁ። ጣሳው ሲከፈት የመጣው የእናቴ ጓዳ ሽታ ነው። ሌንሴ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ከሥራ ብባረር ማን ያስተምራታል? ነገ እናገራለሁ አልኩ። በነጋታው ሙጫ ዘፈዘፍኩ፣ አጠለልኩ፣ አራት ጊዜ። ራህመት የሌለችበት ማሸጊያ ክፍል በሩ ክፍት ነበር፤ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር እዘጋዋለሁ፣ ተመልሼ ሳየው ተከፍቷል። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ከድር ባዶ ጣሳ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ፊታቸውን ሹራባቸው ውስጥ ቀብረው አሳረፉ፤ ከዚያ ጣሳውን አሸተቱ።

«ዘነበች፣ የሰርግ ጢስ ጣፋጭ ነው፤ ሰንደል አለበት። ይኼ ኤጀርሳ ነው። ወይራ ብቻ። ሟች እናቴን አስታወሰኝ፤ ጮጮዋን ስታጥን።»

ጣሳውን እግሬ ሥር አስቀምጠው ለሶላት ተነሱ። የሙጫውን ማጠለያ እንደያዝኩ፣ እጄ እንደተለጠፈ፣ ወደ አቶ ገመቹ ቢሮ ሄድኩ።

«ጣሳውን ያጠንኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«እንዲጸዳ ብዬ። እንደ ወተት ዕቃ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ወይዘሮ ዘነበች፣ ከዚህ ግቢ የሚጠነቀቅ ሰው ቢኖር አንቺ ነሽ ብዬ እኮ ነው የምተኛው!» አለኝ። ካባረረኝ ይሻለኝ ነበር። አላባረረኝም። ደመወዜ ተቀነሰ፣ ከቅልቅሉ ተነስቼ እንደ ጎባ ጊዜዬ ወደ ቅጠል ለቀማ ተመለስኩ። ለራህመት ይቅርታ የሚል ደብዳቤ ተጻፈላትና በማግስቱ መጣች። ትእዛዙን እንደገና ሠርተን ላክን። ድርጅቱ ተቀበለን፤ ግቢውም ተረፈ።

ጋሽ ከድር ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አልወቀሱኝም። አዲስ ጣሳ በመጣ ቁጥር ግን ይጠሩኛል። «ቂጣ ቁረሽ፣ ጨው የሌለበት። ጣሳው ውስጥ ክተቺና ክደኚው። ነገ ሁለታችን እንቀምሰዋለን። ቂጣው ቂጣ ብቻ ከሆነ ጣሳው ንጹሕ ነው።» ንጽሕናን በምላስሽ መርምሪው እንጂ በልማድ አትቀበዪው ማለታቸው እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ከወራት በኋላ ወደ ቅልቅሌ መለሱኝ፤ ቂጣው ግን እስከ መጨረሻው ቀን አልቀረም።

ራህመት ለብዙ ጊዜ ከሥራ በቀር አላነጋገረችኝም። ይቅርታ ስጠይቃት «አልፏል» ብላ ጣሳ መቁጠሯን ትቀጥላለች። በኋላ ቀልዷ ተመለሰ። ስብሰባ ላይ ሐሳብ ስጠየቅ ከዘገየሁ «ተናገሪ እንጂ፣ አንቺም ዱቄት ሆንሽ እንዴ?» ትላለች፤ ሰዉ ይስቃል፣ እኔ ብቻ ውስጤ ይወጋኛል። ልጆቻችን አደጉ። ሌንሴን ስድር ራህመት ከሴቶቹ ጋር ቆማ ወጥ አወጣች። ግን እንዴት ሦስት ቀን እንደቻልኩ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ እኔም ባልጠየቀችኝ ብዬ እጸልይ ነበር።

ጋሽ ከድር ጡረታ ወጥተው ጎባ ጥቂት ዓመት ኖሩ። አላህ ይዘንላቸው። ለቅሶ የሄድን ዕለት ቡናማው ሹራብ በር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ማንም ሳያየኝ እጅጌውን አሸተትኩት። ምንም ሽታ አልነበረውም።

የእኔ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ወረቀቱ ተፈረመ፣ ብርድ ልብስ ተሸለምኩ፣ ሰዉ ተበተነ። ማሽኑን አጥፍቼ ዞር አልኩ፣ ተመልሼ አየሁት። ራህመት ማሸጊያ ክፍሉ በር ላይ ቆማለች፤ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ናት።

«ጠፍቷል፣ ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ። ከኪሷ በሰም የታሸገ ብልቃጥ አወጣች። ክዳኑ ላይ ያለው ጽሕፈት የእኔ ነው። ቀኑን አነበብኩት። የዚያ ዓርብ ዱቄት ነው፤ ሁለተኛዋ ምስክር።

«ጋሽ ከድር ጡረታ ሲወጡ ለኔ ሰጡኝ። ‹ሁለታችሁ ሆናችሁ ክፈቷት› አሉኝ። እኔም በእልህ ሳልከፍታት ይኸው ዛሬ ደረስኩ።»

«ተዪው ራህመት። ባይሸትስ?»

«እንዳይሸት አይደል ዕድሜሽን የፈጀሽው?»

ሰሙን በጥፍሯ ልጣ ከፈተችው። ደረቁን አሸተትነው፤ ዝም ብሏል። ከፔርሙዙ ለብ ያለ ውሃ ስኒ ላይ ቀድታ፣ ዱቄቱን ነስንሳ በማንኪያ አዞረችው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሳስቷል፣ ግን ጦስኝ ነው፤ ያ ክረምት፣ ያ ቅጠል፣ ጋሽ ከድር ያን ዓርብ የቀመሱት።

«ጢስ የለበትም» አለች ራህመት።

«ከጢሱ በፊት የተቀዳ ነው።»

ስኒውን በሁለት እጇ ያዘችው። «ዘነቡ፣ ለምን ሦስት ቀን?»

ለዚህ ጥያቄ በየዓመቱ መልስ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ደነገጥኩ፣ አመመኝ፣ ልነግርሽ መጥቼ ቤትሽን አጣሁት። አንዱንም አላልኳትም።

«ለሌንሴ ፈርቼ ነው። ትምህርቷ ይቆማል ብዬ። አንቺም ልጆች እንዳሉሽ አስቤዋለሁ። አስቤው ነው ዝም ያልኩት።»

ራህመት ስኒው ውስጥ ተመለከተች። «በዚያ ሦስት ቀን እናቴ የሰርግ ልብሴን ስታጥብ ነበር» አለች። «ታጥብና ታሸተዋለች፣ እንደገና ታጥበዋለች። ቀለሙ ሄደ። እኔ ራሴ አመንኩ፣ ታውቂያለሽ? ደብዳቤው እስኪመጣ ድረስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብዬ አምኜ ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። ይቅርታ የሚለው ቃል በፊት ብዙ ጊዜ ስላልኩት አሁን አፌ ላይ ቀሎ ተሰማኝ፤ ስለዚህ አልደገምኩትም። ተነስታ የምትሄድ መሰለኝ። እሷ ግን ስኒውን አንስታ እስከ ግማሽ ጠጣች፤ የስኒውን ጆሮ አዙራ ወደ እኔ ገፋችልኝ።

«ጠጪ» አለችኝ። «ከቀዘቀዘ ይሄዳል።»

ሳላሸት፣ ስኒውንም ሳልመረምር፣ ጠጣሁት።